የካንዴላው ክፍተት

የሰፈሩ ሰው አባቷን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ "ጋሽ ጆሮ" ነው የሚለው። አርባ ዓመት ሙሉ ሞተር ብስክሌት ሲጠግን ኖሯል። ሞተሩ ገና ከመታጠፊያው ብቅ ሳይል ድምፁን ሰምቶ፣ "የዚህ ሰውዬ ሰንሰለት ረግቧል" ወይም "ይሄኛው ዘይት እየጠጣ ነው" ይላል፤ ባለሞተሩ ደርሶ ሲወርድ ነገሩ እንዳለው ሆኖ ይገኛል። እሷን ደግሞ "መርፌ" ይሏታል። ቅጥነቷን አይተው አይደለም። ዘጠኝ ዓመት የክትባት ሣጥን ከኋላዋ አስራ በሞተር ብስክሌት ከመንደር መንደር ስትዞር፣ የሞተሯ ድምፅ ከሩቅ በተሰማ ቁጥር ሕፃናቱ እናታቸው ቀሚስ ሥር ውሽቅ ይሉ ስለነበር ነው።

ያ ሁሉ ታዲያ ድሮ ቀረ። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ጠዋት ጋሽ ጆሮ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በዚያው ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ኖሮ ግራ ጎኑን እንዳለ ወሰደበት። ከሦስት ወር በኋላ አንደበቱ ተመለሰ፤ ቃላቱ ትንሽ ይጎተታሉ እንጂ የሚለው በደንብ ይሰማል። ቀኝ እጁም ደህና ነው። ወገቡና እግሩ ግን እምቢ እንዳሉ ቀሩ።

እናቷ ካረፈች ቆይታለች። ታላቅ ወንድሟ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ፣ ስልኩ እንኳን ሲፈልግ ይሠራል ሲፈልግ አይሠራም። ስለዚህ መርፌ ከመሥሪያ ቤቷ የሦስት ወር ፈቃድ ጠየቀች። ሦስቱ ወር ስድስት ሆነ። ከዚያ በኋላ መጠየቁንም ተወችው፤ መሥሪያ ቤቱም በቦታዋ ሌላ ሰው ቀጠረ።

ሐኪሙ፣ "በየሁለት ሰዓቱ ካላገላበጣችሁት ገላው ይቆስላል" ብሎ ነበር። ሐኪሙ "ካላገላበጣችሁት" ያላቸው ሰዎች በሙሉ እሷ ብቻ መሆኗ የገባት ቆይቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ በሁለት ሰዓት ገመድ ታሰረ። ገበያ ሄዶ መመለስ ሃምሳ ደቂቃ፤ መድኃኒት ቤት፣ ወረፋ ከሌለ፣ አርባ ደቂቃ። ፀጉር ቤት ሁለቴ ሞክራ ሁለቴም ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ በሻሽ ሸፍና እየሮጠች ተመልሳለች። ሠሪዋ ሦስተኛ ጊዜ ስታያት፣ "ዛሬ የቱን በኩል ልሥራልሽ?" አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። ቤቷ ስትደርስ ግን ሳቁ እንባ ሆኖ ወጣ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ከኋላ ጠባብ ጓሮ አለው፤ ጓሮው ውስጥ በቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ ያ ሞተር ብስክሌቷ ቆሟል። የአባቷ አልጋ ያለው በጓሮው በኩል ባለው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ነው። መስኮቱ ከፍ ስለሚል ተኝቶ የሚያየው የጎረቤት ግድግዳና አንድ ክንድ የምትሆን ሰማይ ብቻ ነው። ድምፁ ግን አንድም አያመልጠውም። ቀኝ እጁ ላይ ሁልጊዜ ማንኪያ አለች፤ በእሷ የአልጋውን ብረት ይመታል። አንዴ ከመታ ውሃ ነው፤ ሁለቴ፣ አገላብጪኝ ነው፤ ሦስቴ የሆነ እንደሆነ መርፌ የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች። አንዳንድ ቀን ምንም ሳይፈልግ ዝም ብሎ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጋታል፤ እሷም ደርሳ "ምነው አባባ?" ስትለው፣ "እጄ ነው" ይላታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት የድሮ ኃላፊዋ ደወለችላት። በቦታዋ የተተካው ሰው ሊለቅ ነው። የምትመጣ ከሆነ ቦታው የሷ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ሞተሮች ግን ተበላሽተው ስላለቁ የራሷን ይዛ መምጣት አለባት። ለመወሰን ዐሥራ ሁለት ቀን ሰጠቻት። መርፌ ስልኩን ይዛ ወደ መንገዱ ወጥታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር ያወራችው። ስትመለስ አባቷ ማን እንደደወለ አልጠየቃትም። ሌላ ቀን የደወለ ሁሉ ማን ነበር ሳይል የማይቀር ሰው በዚያ ቀን ዝም አለ።

በማግስቱ ሸራውን ገፈፈችው። አቧራው ፊቷ ላይ ቦነነ። ጎማው ሟሽሾ፣ ሰንሰለቱ ዝጎ፣ መቀመጫው ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርቶበታል። ገና መቆሚያውን ሳትነካው ከመስኮቱ ውስጥ ድምፅ መጣ። ምን ልታደርግ እንደሆነ ጠየቃት። ዝም ብሎ ከሚዝግ ላስነሳው ብዬ ነው አለችው። ጉሮሮውን ጠረገና፣ "መጀመሪያ ቤንዚኑን አፍስሺው፤ ሁለት ዓመት የቆየ ቤንዚን ውሃ ነው" አላት።

ሦስት ቀን እንዲህ ሆኑ። እሱ ከመስኮቱ ወዲያ ያዛል፣ እሷ ከመስኮቱ ወዲህ ትፈታለች። ዘጠኝ ዓመት ሞተር ነድታለች እንጂ ጠግና አታውቅም፤ ያኔ መሥሪያ ቤቱ መካኒክ ነበረው። ባትሪው ጎረቤት ተወስዶ ተሞላ፣ የአየር ማጣሪያው ተራገፈ፣ ዘይቱ ተቀየረ። የአባቷ ድምፅ ወፍሮ የጋራዥ ድምፁን ያዘ። ቁርሱን ራሱ ጠይቆ በላ። መርፌም ይህንን እያየች በልቧ ደስ ሲላት፣ ለምን እንደምታስነሳው አለመናገሯ ይከነክናታል።

ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ላይ ሲደርሱ፣ ከመፍታትሽ በፊት ዙሪያውን እፍ በይው አላት፤ አቧራው ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ነገር ይመጣል። ቆቡን ነቀለች፣ በመፍቻው ፈትታ አወጣችው። ጫፉ በጥላሸት ጠቁሮ በቤንዚን ርሷል። ቀለሙን ነገረችው። ደህና የሚሠራ ካንዴላ ቡናማ እንደሚሆን፣ ነጭ ከሆነ ሞተሩ እየጋለ፣ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን እየበዛበት እንደሆነ አስረዳት። በሽቦ ብሩሽ ፋቀችው፣ በቤንዚን አጠበችው፣ አደረቀችው።

"አሁን ክፍተቱን ነው" አለ። "ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ የጎበጠች ብረት አለች አይደል? እሳቱ የሚዘለው በእሷና በመሐለኛዋ መካከል ነው። መለኪያ ከሌለሽ መታወቂያ ካርድ ይበቃል። ስንት አለሽ?"

"ሁለት። የሥራና የነዋሪነት።"

የማንኪያዋ ጫፍ የአልጋውን ብረት ሲፍቅ ተሰማት።

"ሁለቱን ደርቢና እነሱን በሚያሳልፍ ልክ ክፈቺው" አላት።

እንዳላት አደረገች። ካንዴላውን በእጇ መልሳ አሰረች፣ በመፍቻው ጠበቅ አደረገች፣ ማስነሻውን ረገጠች። ሞተሩ ሳል ሳል አለና ጠፋ። ደግማ ረገጠች። እስኪያልባት፣ ጭኗ እስኪንቀጠቀጥ ረገጠች። ይስላል፣ ይተነፍሳል፣ አይነሳም። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን አባቷ ከመስኮቱ ወዲያ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀና ለካንዴላው እሳት የሚልከው ኮይል ሞቷል ማለት ነው አላት። የዚህ ሞተር ኮይል ደግሞ መምጣት ካቆመ ስንት ዘመኑ፤ በከንቱ አትድከሚ፣ ሸራውን መልሺበት።

መርፌ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። የጓሮው ግድግዳ አራቱም በኩል የቀረበ መሰላት። ኃላፊዋ ከሰጠቻት የቀረው ስድስት ቀን ነበር።

በማግስቱ ከአጥሩ ማዶ የምትኖረውን ልብስ ሰፊ ለመነቻት። ሴትዮዋ ትከሻዋ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቁራጭ ክር ስለማይጠፋ "እትዬ ክር" ይሏታል። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ አግብተው የወጡላት፣ ሥራዋን በጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይኗን እያጨናበሰች የምትሠራ ሴት ናት። እጀ ጠባብ እየዘመዘመች አጠገቡ ተቀመጠች፤ መርፌም ካንዴላውን ነቅላ በወረቀት ጠቅልላ መለዋወጫ ቤት ሄደች።

ባለመለዋወጫው እዚያው አባቷ ጋራዥ ውስጥ ሰባት ዓመት የሠራ ሰው ነው። የአባቷን ጤንነት ጠየቃት፣ አንገቱን ነቀነቀ። ኮይል አለህ ወይ ስትለው ወደ መደርደሪያው ዞሮ ሦስት አወረደላት። መርፌ ኮይሎቹን አየቻቸው። አባቷ መምጣት አቁሟል ያለው እቃ አቧራ እንኳን አልለበሰም።

"ኮይል ከመግዛትሽ በፊት ካንዴላውን እስቲ ልየው" አላት።

ወረቀቱን ፈታችለት። ወደ ብርሃኑ አቅርቦ አየውና ሳቁ መጣበት። ይሄን ማን ነው እንዲህ ያፈነደደው ብሎ ጠየቃት። እኔ ነኝ አለች። ማን አሳየሽ ሲላት ወረቀቱን ማጣጠፍ ጀመረች።

"ክፍተቱ እኮ የአንድ ካርድ ውፍረት ነው" አለ። "እንዲህ ሲሰፋ እሳቱ መዝለል ያቅተዋል፤ እስከ ዓመት ብትረግጪው አይነሳልሽም። ጋሽ ጆሮ ራሳቸው አይደሉ ያስተማሩን? 'ሁለት ካርድ ያልክ ቀን መፍቻህን አስቀምጠህ ውጣ' ይሉን ነበር።" ፊቷን አየና ድምፁን አለዘበ። "ሕመሙ አስረስቷቸው ይሆናል። እሱም አለ እኮ።"

መርፌም መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ለራሷ ስትነግር መጣች። ረስቶት ነው። እግሩን ያጣ ሰው ቁጥር ቢያጣ ምን ይገርማል።

እትዬ ክርን አመስግና ሸኘቻት። አባቷን አገላበጠችው፣ ጀርባውን በቅባት አሸችው፣ ትራሱን አስተካከለችለት። ከዚያ እንደ ዋዛ የቫልቩን ልክ ጠየቀችው። ቁጥሩን ከነነጥቡ ነገራት፤ የመግቢያውም የመውጫውም ለየብቻ። የዘይቱን መጠን ጠየቀችው፤ ማጣሪያው ሲቀየርና ሳይቀየር ስንት እንደሆነ ሁለቱንም ነገራት። የፊት ጎማው አየር፣ የሰንሰለቱ ልቅነት፣ አንዱንም አልሳተ።

"የካንዴላው ክፍተትስ አባባ?"

ማንኪያዋን በጣቶቹ መሐል አዞራት። ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

"ሁለት ካርድ" አላት።

መርፌ ቅባቱን ከደነች።  ወደ ጓሮ ወጣች። ባለመለዋወጫው አስተካክሎ የሰጣትን ካንዴላ በአንዱ ካርዷ ደግማ ለካች፣ አሰረችው፣ ቆቡን ገጠመችለት። ማስነሻውን አንዴ ረገጠች። ደግማ ረገጠች። ሞተሩ ተነሳ።

ሁለት ዓመት ያልሰማችው ድምፅ ጓሮውን ሞላው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። የተሰማት ግን ንዴት ነው፤ እስከ ጆሮ ግንዷ የደረሰ ንዴት። ኮርቻው ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ የነዳጁን እጀታ ጨበጠች። ሞተሩ ጮኸ። ሦስት ቀን ሙሉ ስትረግጥ፣ ሲያልባት፣ "በርቺ ትንሽ ቀረሽ" ሲላት የነበረውን አሰበች። አባቷን የጠገኑላት የመሰሏት እነዚያ ቀናት በሩን የመዝጊያ ቀናት ኖረዋል። ጨበጠች፣ ለቀቀች፣ ጨበጠች። ይስማ። ጆሮ አይደለም እንዴ፣ ይስማ።

ማንኪያዋ የአልጋውን ብረት መምታት ጀመረች። አንዴም ሁለቴም ሦስቴም አይደለም፤ እንደ በረዶ ነው የምትወርደው። ሊያስቆመኝ ነው ብላ መርፌ ይበልጥ ጨበጠች። ዐሥር ደቂቃ፣ ከዚያም በላይ ሆነ። ማንኪያዋ ዝም አለች። አንድ ከባድ ነገር ከውስጥ ጓ አለ፤ ቀጥሎም የአባቷ ድምፅ፣ ቃላቱ እየተጎተቱ፣ ከመስኮቱ ሳይሆን ከበሩ በኩል መጣ።

"አጥፊው! ውሃው እየፈላ ነው፣ ማራገቢያው አልተነሳም፣ አጥፊው!"

ዓይኗን መሪው ላይ ወዳሉት መለኪያዎች ጣለች። የሙቀቱ ጠቋሚ ቀዩን አልፏል። አጠፋችው። ሞተሩ ዝም ሲል ከሥሩ የሚንፎለፎለውን ሰማች፤ ከራዲያተሩ ጎን ቀጭን እንፋሎት እየወጣ ነው። ጣፋጭ የተቃጠለ ነገር ሸተታት።

ሮጣ ገባች። አባቷ ከወገቡ በላይ ከአልጋው ተንጠልጥሎ፣ ቀኝ እጁ ወለሉን ተደግፎ፣ አንገቱ ወደ በሩ ተዘርግቶ አገኘችው። የጎን ጠረጴዛው ተገልብጧል። እስከዚያ ድረስ ብቻውን እንዴት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አይገባትም። በብብቱ ይዛ አነሳችው። ከብዷት ሁለቱም ትንፋሽ አጠራቸው። አስተኝታው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። 

"ዝም ብልሽ ኖሮ" አለ በመጨረሻ፣ "ሌላ አምስት ደቂቃ ነበር የቀረው። ሲሊንደሩ ይጎብጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚያስነሳው የለም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አላልክም?"

"አስቤው ነበር። ምን ልዋሽሽ።" ማንኪያዋን ፈለጋት፤ ወለሉ ላይ ነበረች። "ሞተር ሲቃጠል እየሰሙ መተኛት አልሆንልህ አለኝ።"

መርፌ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ጣቶቿ በጥላሸት ጠቁረዋል።

"ስልኩን ሰምተሃል።"

"ሰምቻለሁ። ጥለሽኝ ከሄድሽ ማን ያገላብጠኛል ብዬ አይደለም። አገላባጭ ይገኛል። ቤቱ ነው። አንቺ ገበያ ስትሄጂ ቤቱ ውስጥ ምንም የለም። አርባ ዓመት ድምፅ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን የምሰማው የአንቺን ኮቴ ብቻ ነው። እሱም ሲሄድ እዚህ መኖሬን የሚነግረኝ የለም።"

 ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበራት። ለመናገር ብላ አልነበረም፤ አፏ ራሱ አወጣው።

"ባለፈው ክረምት አንድ ቀን እስኪረፍድ ተኛህ" አለችው። "ማንኪያዋ አልጮኸችም። መጥቼ በሩ ጋ ቆምኩ። አልገባሁም። ብዙ ቆምኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ድንጋጤ አልነበረም አባባ።"

"አውቃለሁ" አላት። "ነቅቼ ነበር። ኮቴሽ በሩ ጋ ሲቆም ሰምቻለሁ።"

እንደ አባትና ልጅ ሳይሆን፣ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ዘመናቸውን እንደሚገፉ ሁለት እስረኞች ተያዩ። ከዚያ አባቷ ደህና እጁን ዘርግቶ ጥላሸት የያዘ እጇን ያዘ፤ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

ትንሽ ቆይቶ ግን፣ "ክዳኑን እንዳትከፍቺው" አላት። "በትኩሱ ከከፈትሽው ፊትሽን ይገሽልጠዋል። ነገ ሲቀዘቅዝ።"

በማግስቱ ጠዋት ራዲያተሩን ሲያጥቡ ላየው አለ። እትዬ ክርና አዲስ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይዞ የመጣው ባለመለዋወጫ በወንበር ተሸክመው ጓሮ አወጡት። ሁለት ዓመት ፀሐይ ያልነካው ሰው ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ። ባለመለዋወጫው የተሸነፈ ይመስል መሬት መሬቱን ያያል፤ አስተማሪው ላይ ሳያስበው ወሬ እንዳወጣ ገብቶታል። ጋሽ ጆሮ ግን፣ "መፍቻዬን አስቀምጬ ልውጣ እንግዲህ" አለ፤ ሰውየው ሳቀ፣ እትዬ ክር ምኑ እንዳሳቃቸው ሳይገባት አብራ ሳቀች።

ክዳኑን በጨርቅ ይዛ ቀስ ብላ ከፈተችው። ከሥር ያለውን ቱቦ ስትፈታ የወጣው ውሃ እንደ ጭቃ ቀይ ነው፤ ድመት እንዳይጠጣው፣ መርዝ ነው አላት አባቷ፤ በባልዲ ተቀበለችው። ሁለት ብሎን ፈትታ ራዲያተሩን ከነወፍራም ጎማዎቹ አወረደችው። ዘጠኝ ዓመት የነዳችበት መንገድ ሁሉ እዚያ ላይ ተለጥፏል፤ የደረቀ ጭቃ፣ ገለባ፣ የነፍሳት ክንፍ። ውሃ በኃይል ልትለቅበት ስትል አባቷ አስቆማት። የራዲያተሩ ክንፎች እንደ ወረቀት ናቸው፣ ይታጠፋሉ፣ ከኋላ ወደ ፊት ቀስ አድርገሽ አንጠባጥቢ። በጥርስ ብሩሽ እያንዳንዱን ረድፍ ፈለፈለች። የተጣጠፉትን በትንሹ ካቻቢቴ ጫፍ አንድ በአንድ አቀናቻቸው፤ ሁለት ሰዓት ፈጀባት። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ በደህና እጁ ተደግፎ ገላውን ቀና ያደርግ ነበር፤ እትዬ ክር ከጎኑ ትራስ ትሸጉጥለታለች።

ንጹሕ ውሃ እየሞላች፣ እያንቀጠቀጠች፣ እየደፋች፣ ኩልል ብሎ እስኪወርድ ድረስ ስድስት ጊዜ አጠበችው። ማራገቢያውን የሚያገናኘው ሶኬት ዝጎ ኖሮ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀችው። አዲሱን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ቀላቅላ ሞላች፤ ክዳኑን ሳትገጥም አስነስታ አየሩ በአረፋ እስኪወጣ ጠበቀች፤ ሲጎድል ጨመረች። ጠቋሚው መሐል ላይ ደርሶ ቆመ። ማራገቢያው ክር ብሎ ተነሳና ሲበቃው ራሱ ቆመ። ሁሉም ጋሽ ጆሮን ያዩታል። እሱ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ለረጅም ጊዜ ሰማ። "ደህና ነው" አለ፤ ድምፁ የደስታ አልነበረም፣ የሐዘንም አልነበረም።

የቀረው ነገር ከሞተሩ ይልቅ አስቸጋሪ ሆነ። ታላቅ ወንድሟን በስልክ ስታገኘው መጀመሪያ ጭነት አለብኝ አለ፣ ቀጥሎ መንገድ ተዘግቷል አለ። አባቷ ስልኩን ተቀብሎ ያለውን መርፌ አልሰማችም፤ በሩን ዝጊ ብሏት ነበር። በሦስተኛው ቀን የከባድ መኪና ድምፅ ከመታጠፊያው መጣ። ወንድሟ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ። መጀመሪያ ቀን አባቱን አገላብጦ እንደጨረሰ ጓሮ ወጥቶ ለብቻው አለቀሰ። መርፌ አየችው፤ አላጽናናችውም። ይቅመሰው አለች በሆዷ፤ ትንሽ ቆይታ ግን ውሃ አቀበለችው። ሲሄድ በየወሩ አንድ ሳምንት እንደሚመጣ ቃል ገባ።

ለሌላው ቀን እትዬ ክር ራሷ መፍትሔ አመጣች። የእሷ ክፍል ጨለማ ነው፤ የጋሽ ጆሮ መስኮት ግን ጠዋት ብርሃን አለው። የስፌት መኪናዋን አምጥታ ከአልጋው አጠገብ ተከለችው። ኃላፊዋንም አራት ቀን መስክ፣ ሦስት ቀን ቤት ይሁንልኝ ስትላት፣ አቅማማችና እሺ አለች። ሰፊ ነፃነት አልነበረም። ሦስቱ ቀን ሲደርስ አሁንም ያ ክፍል፣ ያ ቅባት፣ ያ ማገላበጥ ይጠብቃታል። ደግሞ አራቱን ቀን ብትወጣም ጀርባው ቆስሎ ይሆን እያለች ነው የምትውለው።

በጀመረች በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሠላሳ የሚሆኑ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከአንድ ዛፍ ሥር ተሰልፈው ሳሉ፣ ልቧ አላስችል ብሏት ወደ ቤት ደወለች። ስልኩን ያነሳችው እትዬ ክር ናት፤ ግን ቶሎ አላናገረቻትም። መርፌ የምትሰማው የሁለቱን ጭቅጭቅ ነው። እሱ መስኮቱ ይከፈት ይላል፤ እሷ አቧራ ጨርቄን አበላሸው ትላለች። እሱ ደግሞ የመኪናሽ ቀበቶ ረግቧል፣ ሦስት ቀን ነገርኩሽ ይላል። እትዬ ክር፣ "ሃያ ዓመት ሰፍቼበታለሁ፣ እርስዎ ሊነግሩኝ ነው?" ትለዋለች። ከዚያ ትዝ ብሏት፣ "ቆይ ልጄ፣ ደህና ነን፣ ቁርስ በልተዋል፣ ቆይተሽ ደውይ" ብላ ዘጋችው።

መርፌ የተዘጋውን ስልክ ይዛ ቆመች። ማንም ስለእሷ አልጠየቀም። ደስታ ይሁን ቅሬታ መለየት አቃታት፤ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተፈታ፣ የተፈታበትም ቦታ ባዶ ሆኖ ቀረ። ከሰልፉ ፊት ያለችው እናት ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ እየጠበቀቻት ነው። ልጁ የእናቱን ቀሚስ ጨብጦ በአንድ ዓይኑ ያያታል። መርፌ ስልኩን ኪሷ ከተተች፣ እጇን ታጠበች፣ "ና እስቲ አንተ ጎበዝ" አለችው።